ሁለተኛው ገጽ፦ ከአያት ወዲያ ያለ የመካንነት ክሊኒክ ግምገማ

ፍርዴን አስቀድማለሁ፤ ወሬው ይከተላል። ሕክምናው ጥሩ ነው። መርፌ የሚያስተምሩት ሲስተሮች ከጥሩም በላይ ናቸው። ዶክተሩ ሰው ያዳምጣል። ሽያጩ ግን፣ በተለይ የዋጋ ዝርዝሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለው፣ አስቀይሞኛል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። አንዷ የቀረችው በዚያ ገጽ ነው፤ ሌላዋ በአንድ የቴሌግራም መልእክት።

የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። እዚያ የሚመላለሱት ሴቶች እንዲታወቁ አልፈልግም፤ የእኔም ፋይል ገና እዚያው ነው። ከአያት አደባባይ ወዲያ፣ ለገጣፎ ሳይደረስ ነው። ይህ ይበቃል።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ሁለተኛው ግን እምቢ አለ። እኔና ባለቤቴ «በጊዜው ይመጣል» እየተባባልን ዓመታት አለፉ። ዕድሜዬ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው ነቅተን የተነሳነው። እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጭ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚዳቀልበት ሕክምና ድሮ አቅም ያለው ባንኮክ ወይም ሕንድ ይሄድ ነበር። አሁን እዚሁ አገር ቤት ይሠራል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የመንግሥት ማዕከል አለው። እኛ ለቤታችን የቀረበውን መረጥን። «አንድ አለሽ አይደል እንዴ፣ ምን አንገበገበሽ?» የሚሉኝን ሰዎች እዚህ አላነሳም።

ሕንፃው ከታች ሴራሚክ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ባንክ፣ ሦስተኛው ላይ ክሊኒኩ ነው። ባንኩ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃው ላይ የሰፈር ሰው ካጋጠማችሁ «ባንክ መጥቼ ነው» ትላላችሁ። እኔ ብያለሁ። ማረፊያ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ነው የሚሠራው። ግድግዳው ላይ የሕፃን ፎቶ የለም። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ልጅ ያጣ ሰው የሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ የሚስቅ ሕፃን መስቀል ምን የሚሉት ጭካኔ እንደሆነ የገባው አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መብራት ነው። የእኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ፅንሶቹ የሚያድጉበት ኢንኩቤተር ቢቆምስ? የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ ወርዶ ጄኔሬተሩን አሳየኝ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚይዙት ባትሪዎችም አሉ። የቀዘቀዙት ፅንሶች ያሉበት ታንክ ደግሞ ጭራሽ መብራት አይፈልግም። ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው ነጭ ጭስ ወጣ፣ ወለሉ ላይ ተንሳፈፈ። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። በየጊዜው መሙላት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ጥያቄዬን «ምን አገባሽ» ሳይሉ መመለሳቸው ልቤን አሳረፈው።

አሁን መርፌ ክፍል። ኮከቦቹን የሰጠሁት ለዚህ ክፍል ነው።

በየምሽቱ ሆዳችሁን የምትወጉት ራሳችሁ ናችሁ። እኔ ደም ሲቀዳ የሚያዞረኝ ሰው ነኝ። ሲስተሯ ስልኬን ተቀበለችኝና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ከእምብርትሽ ሁለት ጣት ራቂ። ቆንጥጪው። ስቡን ነው የምትይዢው፣ ሥጋውን አይደለም። አሁን መርፌውን አትዪ፣ እኔን እዪኝ።» አየኋት። ገባ። ከዚያ መድኃኒቱን ቤት እንዴት እንደምወስደው አሳየችኝ። ፍሪጁ በር ላይ ይቀመጣል፤ በረዶ ክፍል ውስጥ ከገባ አበቃለት። ለመንገድ የልጄን የምሳ ሳጥን አምጪ አለችኝ፤ በረዶ ጨምራ አሰረችልኝ።

የመጨረሻዋ መርፌ ሰዓት የማይሳትባት ናት። እሷ ከተወጋች ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ይወጣል፤ ከዘገየ ራሱ ወጥቶ ይጠፋል። ሲስተሯ «ማታ 11 ሰዓት» ብላ ብትተወኝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ለእኔ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፈችው፦ በሐበሻ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በፈረንጅ 11 ሰዓት። ከዚያ እኔን አስደገመችኝ። ባለቤቴንም ደውላ አስደገመችው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች፤ «ነቅተሻል አይደል?»

ኮሪደሩ ላይ የመጀመሪያዋን የቱቦ ልጅ ታሪክ የሚናገር ፖስተር አለ። ሉዊዝ ብራውን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978፣ እንግሊዝ፣ ኦልድሃም። ሁለት ወንዶች ፎቶ ላይ ቆመዋል፤ ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ። ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ተሸልሟል። ሦስተኛዋ የለችም። ጂን ፐርዲ ትባላለች፣ ሙያዋ ነርስ ነበር፣ ላቦራቶሪውን ስታንቀሳቅስ የነበረችው እሷ ናት፤ በ1985 ገና በወጣትነቷ ሞታለች። ለሲስተሯ ነገርኳት። «ምን አዲስ ነገር አለ» ብላ ሳቀች።

እስካሁን ያለው ሁሉ እንዲህ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ።

«የደንበኛ አማካሪ» የሚል ባጅ ያደረገች ወጣት ክፍሏ አስገባችኝ። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ዘረጋች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጠበቀው አለ፦ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንቁላል ማውጣት፣ ማዳቀል፣ ማስገባት፣ ማቀዝቀዝ። ዋጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። መድኃኒቱ ለብቻ ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። «ተጨማሪ አገልግሎቶች» ይላል። የክሮሞዞም ምርመራ። ከሥሩ «ቤተሰብ ማመጣጠን»፤ የልጁን ጾታ መምረጥ ማለታቸው ነው። ከዚያም በትናንሽ ፊደል «የላቀ የዘረመል ሪፖርት (በቅርቡ)»። ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት የሚደረግባት ባዶ ሳጥን አለች። መኪና ሲገዛ «የቆዳ ወንበር ልጨምርልዎት?» እንደሚባለው ነው።

«የመጀመሪያው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ወንድ።»

«እሰይ! እንግዲያው አሁን ሴት ነዋ!»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አስቀይማኝ አይደለም። የልቤን ስለተናገረች ነው።

ሴት ልጅ እፈልጋለሁ። ከማንም አልደብቅም። የእናቴን ስም ላወጣላት። ሹሩባ ልሠራት። ሰማንያ ቀኗን ቆጥሬ ክርስትና ላስነሳት። አማቴ ሸኖ ሆነው «ለልጄ ልጅ ወንድም ስጪው፣ ብቻውን አይቁም» ይላሉ። እኔ በልቤ «እህትስ?» እላለሁ። ስለዚህ ያቺ ባዶ ሳጥን እኔን ነበር የምትጠራው።

አማካሪዋ ነገሩን ታውቅበታለች። «የክሮሞዞም ምርመራውን ማድረግሽ ካልቀረ፣ ጾታው አብሮ ነው የሚመጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፅንሱ አምስት ወይም ስድስት ቀን ሲሞላው ከውጭኛው ሽፋን፣ በኋላ የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው ክፍል፣ ጥቂት ሴሎች ይነሳሉ። ፅንሱ እዚሁ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ ሴሎቹ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይላካሉ። እዚያ ክሮሞዞሞቹ 46 መሆናቸው ይታያል። ጾታን የሚለዩት ኤክስና ዋይም ከእነሱ መካከል ስለሆኑ ጾታው አልፈለግሁም ቢሉትም ይታያል።

«ታዲያ አብሮ ከመጣ ተጨማሪ ክፍያው ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለምክር አገልግሎቱ።»

«አሁን የምታደርጊው ነው ምክሩ?»

ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሥራዋ ነው። ግን እስቲ አስቡት። ላቦራቶሪው ላወቀው ነገር፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ለመናገር ብቻ ነው የሚያስከፍሉት። ይህን እንደ ደንበኛ ብቻ እንኳ ብናየው ያናድዳል።

የክሮሞዞም ምርመራው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። በእኔ ዕድሜ ልጅ በዳውን ሲንድሮም፣ ማለትም አንድ ክሮሞዞም ተጨምሮበት፣ የመወለድ ዕድሉ ከመቶ ወደ አንድ ይጠጋል፤ ሃያዎቹ ውስጥ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። የክሮሞዞም ችግር ያለበት ፅንስ ብዙ ጊዜ አይይዝም፣ ቢይዝም ይወርዳል፤ አንድ ውርጃ ደግሞ አሳልፌአለሁ። ግን ምልክቱን ሳደርግ እጄ ከብዶኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለባት። የሰንበት ትምህርት ቤቷን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቃለች፤ የተሳሳተ ዘማሪ ካለ ቆማ ታርማለች። አማካሪዋ «እንደዚህ ዓይነቱን ቀድመን እናወጣዋለን» ስትለኝ የመጣችብኝ እሷ ናት። ምርመራውን አደረግሁ። ከወንድሜ ጋር ግን እስከ ዛሬ አላወራነውም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሆዴ ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

በሽታን በተመለከተ ግን ማንም እንዲቀልድ አልፈልግም። ብሎካችን ውስጥ ሄሞፊሊያ፣ ደም ቶሎ የማይረጋበት የሚወረስ በሽታ፣ ያለበት ልጅ አለ። ጉልበቱ ሲደማ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እንሰማለን። እናቱ ተሸካሚ ናት። ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህ ምርመራ የተጀመረው ለእንደሷ ዓይነት እናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ውስጥ አላን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ በወንዶች ላይ የሚበረታ በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች ሴት ፅንስ መርጠው አስገቡ። የጾታ ምርጫው ያኔም ነበር። ግን ምክንያቱ በሽታ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ብትጠይቅ እኔ ራሴ አብሬያት ሄጄ ወረፋ እይዝላታለሁ። አማካሪዋ ስለ ሄሞፊሊያ ስጠይቃት ግን «እሱ ልዩ ዝግጅት ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል» ብላ ወደ ማመጣጠኑ ተመለሰች። በጣም የሚያስፈልገው ሰው የሚቆምበት ቦታ ወረቀቷ ላይ የለም።

«የላቀ ሪፖርት» የሚለውን በጥቂቱ ልለፈው፤ ብዙም ዋጋ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የፅንስን ዘረመል አይተው ቁመትና አእምሮ እንገምታለን የሚሉ ኩባንያዎች አሉ። እኛ ጋ «በቅርቡ» ነው የተባለው። ባለቤቴ አጭር ነው፤ «እስቲ ይህንን እንይ» ብሎ ሳቀ። አየን። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት የ5.4 ሚሊዮን ሰዎችን ዘረመል መርምሮ ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ ነጥቦች አግኝቷል። አንድ የቁመት ጂን ብሎ ነገር የለም ማለት ነው። ከተመረመሩት ውስጥ አብዛኞቹ ዝርያቸው ከአውሮፓ ነው፤ ግምቱ ለአፍሪካውያን ሲሆን ይዳከማል። በ2019 ደግሞ ኢየሩሳሌም ያሉ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ሒሳቡን ሠራ። ካሉት ፅንሶች በግምቱ አንደኛ የወጣውን መምረጥ በአማካይ የሚጨምረው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ልጅ ባላቸው እውነተኛ ቤተሰቦች ሲሞከር፣ በግምቱ አንደኛ የተባለው ልጅ በትክክል ረጅሙ ሆኖ የተገኘው ከአራት ቤተሰብ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ለሁለት ሴንቲ ተኩል ወፍራም ሶል ያለው ጫማ መርካቶ አለ።

እዚህ ላይ ከማንበብ ያገኘሁትን አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሮበርት ግራሃም የሚባል የማይሰበር የመነጽር ሌንስ ሠርቶ የከበረ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሊቃውንት የዘር ባንክ ከፈተ። የኖቤል ተሸላሚዎችን ዘር ሊሰበስብ ነበር ሐሳቡ። ባንኩ በ1999 ሲዘጋ ከ200 በላይ ልጆች ተወልደውበታል። ከመካከላቸው ከኖቤል ተሸላሚ የተወለደ አንድም የለም። የሰው ፍላጎትና የገበያው ዕቃ ያኔም አልተገናኘም።

ወደ ጾታው ልመለስ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው።

«ሴት ብመርጥ ማን ይጎዳል?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አገሩ ሁሉ ወንድ ሲል እኔ ሴት ማለቴ እንዲያውም ጽድቅ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያቆመኝ የልጄ ማሊያ ነው። ልጄ የተወለደ ዕለት አባቱ የሕፃን ማሊያ ገዝቶ መጣ። ልጁ አድጎ ኳስ አይወድም። ጉንዳን ሲከተል ይውላል። አባትየው ጥቂት ጊዜ አዘነና ተወው፤ አሁን ጉንዳን አብረው ያያሉ። ልጁ «ለኳስ» ተብሎ የተከፈለበት ገንዘብ ስለሌለ ማንም ዕዳ አልጠየቀውም። እኔ ግን ለሴትነቷ ዶላር ከፍዬ፣ የእናቴን ስም አውጥቼ፣ ሹሩባ የማትወድ፣ እናቴን ፈጽሞ የማትመስል ልጅ ብትመጣስ? ደረሰኝ ያለው ምኞት ሌላ ነው። እንደማልጠይቃት እርግጠኛ አይደለሁም።

ሁለተኛ ያቆመችኝ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ነበር። ልጅ ያጣች መስሎኝ «አይዞሽ እህቴ» አልኳት። ሴቶች ልጆች አሏት፤ አራት። የመጣችው ለወንድ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት የባሏ ወንድሞች ናቸው።

«ካልወለድኩለት ሌላ ያገባል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ የለም፤ ስለ ጤፍ ዋጋ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ጾታን የሚወስነው የአባትየው ዘር እንደሆነ ታውቂ እንደሆን ጠየቅኳት። ታውቃለች። ዶክተሩ ለባሏም ነግሮታል። «ሰማው፣ ግን መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ የእኔን ጠየቀችኝ። ወንድ እንዳለኝና ሴት እንደሚያምረኝ፣ ግን መምረጥ ይከብደኛል ብዬ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ምን ገዶሽ። ወንድ አለሽ።»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ሳጥኗን «አትክፈቱ» ብል እሷን ነው የምዘጋባት። እሷ ደግሞ ቤቷን ለማዳን ነው የመጣችው። «ክፈቱ» ብል አራቱ ሴቶች ልጆቿ ከወንድማቸው ጋር የሚያድጉት እሱ እነሱን ላለመድገም ተከፍሎበት እንደመጣ እያወቁ ነው። አማካሪዋ «የደንበኛ ምርጫ ነው» ትላለች። ያቺ ሴት መረጠች ማለት ይከብደኛል። የመረጡት የባሏ ወንድሞች ናቸው፤ ክሊኒኩ ተቀበላቸው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ሌላው ዓለም አይቶታል። በተፈጥሮ ለ100 ሴት 105 ያህል ወንድ ነው የሚወለደው። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከ115 አልፎ ነበር። ሕንድ በ1994 የፅንስን ጾታ ለይቶ መናገርን በሕግ ከልክላለች፤ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሐኪም እንኳ «ሴት ናት፣ ወንድ ነው» ካለ ይጠየቃል። እንግሊዝ ያለ ሕክምና ምክንያት ጾታ መምረጥን አትፈቅድም። በ1997 ኦቪየዶ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነትም ከጾታ ጋር የተያያዘ ከባድ የዘር በሽታ ከሌለ በስተቀር ይከለክላል። አሜሪካ ውስጥ ግን በግልጽ ይሸጣል። ወረቀቷ ላይ ያለው ቋንቋ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እኛ አገር ወንድ ሲወለድ እልልታው እንዴት እንደሚደምቅ ለሚያውቅ ሰው፣ ከእነዚህ አገሮች ለየትኛው እንደምንቀርብ መናገር አያስፈልግም።

የንስሐ አባቴን አማከርኩ። ብዙ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም። «የምትመርጪውን ሰማሁ፤ የቀሩትስ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ወሰንን። ቅጽ ላይ «ጾታ እንዲነገረን አንፈልግም» ብለን እኔም ባለቤቴም ፈረምን። ጤነኛ የሆነው፣ ከጤነኞቹም ጥራቱ የተሻለው ይገባል። አማካሪዋ ፊርማዬን አይታ «እንደወደድሽ» አለች።

ከሳምንታት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ቴሌግራሜ ጮኸ። ከክሊኒኩ ነው። ውጤቱን ፎቶ አንስተው ልከውታል። ሙሉውን። ሠንጠረዡ ላይ የመጨረሻው ዓምድ አልተሸፈነም። ጤነኛ የተባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤክስ-ዋይ፣ ጥራቱ አራት ኤ-ኤ። ሁለተኛው ኤክስ-ኤክስ፣ ጥራቱ አራት ቢ-ቢ።

ለማታውቁት፣ ኤ-ኤ የሚባለው በመልክ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ቢ-ቢም ደህና ነው፣ ብዙ ልጅ ተወልዶበታል። ወንዱ ተሽሏል። ሴቷ አለች። ሁለቱንም አውቄአለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ስልኬን ይዤ ቆምኩ።

ምን ያህል እንዳናደደኝ ልነግራችሁ አልችልም። አለማወቅን ነበር የፈረምኩት። አሁን ምንም ብል ምርጫ ሆነ። ሴቷን ካልኩ መረጥኩ። ጥራቱን ካልኩ ደግሞ ወንድ መሆኑን እያወቅሁ ነው፤ ሸኖ እልል ይላሉ። ያቺ አንዲት ፎቶ ሁለት ሰው የፈረመበትን ወረቀት ቀደደችው። ይቅርታ የጠየቀኝም ራሴ ከደወልኩ በኋላ ነው። «ሲስተም ነው የላከው» አሉኝ። ፎቶው ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሯ ቀይ ተቀብቷል። ሲስተም ጥፍር አይቀባም።

ዶክተሩ ግን ሰው ነው። ወረቀቱን አይቶ «ይህ እርስዎ ጋ መድረስ አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነው» አለኝ። ላቦራቶሪው አስቀድሞ ከተነገረው የጾታውን ዓምድ ባዶ አድርጎ መላክ እንደሚችልም ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ ሐኪሙም አያውቅም፣ ፎቶ የሚያነሳው ስልክም የለም። ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ አይደረግም አልኩት። «ብዙው ሰው ማወቅ ይፈልጋላ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ሁለተኛውን ገጽ አልወደውም» ብሎ ጨመረ። ታዲያ ለምን አይወርድም? እጁን ዘረጋ። ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው።

እኔና ባለቤቴ በፈረምነው ጸናን። ቅዳሜ ማታ፣ ልጃችን ከተኛ በኋላ፣ ቡና ላይ ጨረስነው። ባለቤቴ «መልእክቱ ባይመጣ ምን ይገባ ነበር?» አለ። አራት ኤ-ኤው። «እሱ ይግባ።» ገባ። ይዟል። አማቴ ገና አልሰሙም። ሴቷ ታንኩ ውስጥ ናት፤ ስለ እሷ የንስሐ አባቴ ጥያቄ እንዳለ ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር። የክሮሞዞም ምርመራ የምታደርጉ ከሆነ፣ ጾታውን ማወቅ ካልፈለጋችሁ ክሊኒኩ ቅጽ ላይ መፈረም አይበቃም፤ ናሙናው ሳይላክ ላቦራቶሪው ዓምዱን ባዶ እንዲያደርገው በጽሑፍ ይጠየቅላችሁ፣ የጥያቄውን ቅጂ ያዙ። የምርመራው ዋጋ በፅንስ ቁጥር ነው የሚሰላው፤ በዶላር ስለሆነ የዕለቱን ምንዛሪ ጠይቁ። የማቆያ ክፍያ በየዓመቱ አለ፤ መጀመሪያ ቀን አይነግሯችሁም። ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚወረስ በሽታ ካለ አማካሪዋን አልፋችሁ በቀጥታ ዶክተሩን ያዙ። ሰኞ ጠዋት ወረፋው አይቻልም፤ ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። መኪና ያላችሁ ሴራሚክ ቤቱ ፊት አታቁሙ፣ ዕቃ ሲያራግፉ ይዘጉባችኋል። መርፌ ለመማር ስትገቡ ደግሞ የጠዋቷን ሲስተር ጠይቁ፤ ጠይም፣ አጭር፣ ሰዓቷን በቀኝ እጇ የምታስር።